ሽንፈት የለመደ ቡድን ከአሰልጣኙ ምን ይፈልጋል?

ሽንፈት የተደጋገመበት ቡድን ውጤቱን ሳትጠይቁም ያስታውቃል። ልጆቹ ኳስ መጠየቅ ያቆማሉ። ተከላካዩ ኳስ ይዞ ቀና ሲል አማካዩ ከተጋጣሚ ጀርባ ይደበቃል። አጥቂው ኳስ ሲነጠቅ ለማስመለስ አይሮጥም፤ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። በረኛው ገና ጎል ሳይገባበት ተከላካዮቹ ላይ ይጮኻል። አንድ ጎል ከገባ ደግሞ ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አካባቢ፣ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እንዲህ ያለ ቡድን አይጠፋም። ሜዳው በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ነው። ማሊያው በመዋጮ የተገዛ ነው። አሰልጣኙም ብዙ ጊዜ ደሞዝ የለውም። ሳምንቱን ሌላ ሥራ ሲሠራ ሰንብቶ የእረፍት ቀኑን ለሰፈር ልጆች የሚሰጥ ሰው ነው። ቡድኑ ሲሸነፍ ግን ወላጁም፣ ተመልካቹም፣ ልጆቹም እሱን ያያሉ። "ኮች፣ ሞራል ስጣቸው እንጂ!" ይሉታል።

ሞራል እንዴት እንደሚሰጥ የሚነግረው ግን የለም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። ምሳሌዎቼን በከፊል ከእግር ኳስ፣ በከፊል ደግሞ እኛ ብዙም ከማናየው፣ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ ከሚጫወቱት ከበረዶ ሆኪ ወስጃለሁ። ሆኪን የጨመርኩት የአሰልጣኝ ሥራ እንደዚያ ጎልቶ የሚታይበት ስፖርት ጥቂት ስለሆነ ነው። የውጭ አገር ታሪክ ስጠቅስ ዓመቱም ቀኑም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ተደጋጋሚ ሽንፈት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ውሾች ላይ ሙከራ ሠሩ። ጭካኔ ያለበት ሙከራ ነው። አንዳንዶቹ ውሾች የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲደርስባቸው በራሳቸው ማስቆም ይችሉ ነበር። ሌሎቹ ግን ምንም ቢያደርጉ አይቆምላቸውም። ከዚያ ሁሉም ዘለው በቀላሉ ሊያመልጡበት የሚችሉበት ሳጥን ውስጥ ገቡ። ማስቆም የለመዱት ዘለው ወጡ። ከሌሎቹ ብዙዎቹ ግን ተኝተው ንዝረቱን ተቀበሉ። መውጫው አጠገባቸው ነበር፤ አልሞከሩትም።

ለረጅም ጊዜ ማብራሪያው እንስሳቱ ተስፋ መቁረጥን ተምረዋል የሚል ነበር። በ2016 ግን ሁለቱ ተመራማሪዎች በመሃል የተሠሩ የአንጎል ጥናቶችን አይተው የራሳቸውን ሐሳብ ገለበጡት። ክፉ ነገር ሲደጋገም ዝም ብሎ መቀበል የአንጎል የመጀመሪያ ምላሽ ነው፣ ማንም መማር አያስፈልገውም አሉ። ትምህርት የሚፈልገው "የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል" የሚለው እምነት ነው። ይህን የተማረ አንጎል የመጀመሪያውን ምላሽ ይገታል።

ይህ ለአሰልጣኝ ትልቅ ነገር ነው። ስድስት ጊዜ ተከታትሎ የተሸነፈ የ15 ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ሲቆም ሰነፍ ሆኖ ወይም ማሊያውን ንቆ ላይሆን ይችላል። ውስጡ "ብሮጥም ባልሮጥም ያው ነው" ብሎታል። ይህን በንግግር ማስለወጥ ይከብዳል። ሩጫው ለውጥ ሲያመጣ ራሱ በዓይኑ ማየት አለበት።

እንዴት ያያል? ማሸነፍን ብቻ ከቆጠራችሁለት አያይም። ማሸነፍ በተጋጣሚም፣ በዳኛም፣ በዕድልም ይወሰናል። ስለዚህ በልጆቹ እጅ ያለ ትንሽ ነገር ይመረጣል። ለምሳሌ ኳስ ስንነጠቅ ቅርብ ያለው ልጅ ወዲያው ይጫናል፣ ሁለተኛው ከኋላው ይሸፍናል። የሳምንቱ ሥራ ይህ ብቻ ይሁን። ተጠባባቂ ከሆኑት አንዱ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ስንቴ እንደተጫንን፣ ስንቴ ኳሱን እንዳስመለስን ይመዝግብ። ቡድኑ 3 ለ 0 ቢሸነፍ እንኳ ልጆቹ የሚያዩት ቁጥር አለ። ባለፈው ሳምንት 9 ጊዜ አስመልሰን ከሆነና ዛሬ 14 ከደረስን፣ ያ በእነሱ እግር የመጣ ለውጥ ነው። ዳኛም ዕድልም አልሰጣቸውም።

ቁጥሩ እውነተኛ መሆን አለበት። ልጆች የውሸት ሙገሳን ወዲያው ያውቃሉ። 4 ለ 0 ተሸንፈው ሲወጡ "ጎበዞች፣ በጣም አሪፍ ነበራችሁ" የሚል አሰልጣኝ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እውነት ሲያሞግስም የሚያምነው አያገኝም።

ከራሳችን ታሪክ አንድ ልጥቀስ። ለ2013ቱ (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ብሔራዊ ቡድናችን በጳጉሜን 2004 ዓ.ም ካርቱም ላይ በሱዳን 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ጎል ገብቶበት የተመለሰ ቡድን ነው። ነገር ግን የሁለቱ ጨዋታ ድምር እኩል ከሆነ ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ያልፍ ስለነበር፣ ከሜዳው ውጪ ያገባቸው 3 ጎሎች ዋጋ ነበራቸው። አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አገቡ፤ ጨዋታው 2 ለ 0 አለቀ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። መልበሻ ክፍል ውስጥ ምን እንደተባለ ትተን ሒሳቡን ብቻ እንይ። ሁለት ጎል ማግባት፣ ምንም አለማስገባት። ሥራው ተለክቶ የተሰጠው ሰው "ጀግና ሁን" ከተባለ ሰው የተሻለ መነሻ አለው።

አሁን ወደ ጩኸት እንምጣ። ብዙ አሰልጣኝ በልቡ "ስቆጣቸው ይሻሻላሉ፣ ሳሞግሳቸው ይዘናጋሉ" ብሎ ያምናል። ዝም ብሎም አይደለም የሚያምነው፣ ደጋግሞ አይቶታል። በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ሊቅ ዳንኤል ካነማን ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሰልጣኞች ሲያስተምር ይህንኑ ክርክር ሰምቷል። ጥሩ የበረረውን ስናሞግሰው ቀጥሎ ይበላሻል፣ መጥፎ የበረረውን ስንቆጣው ቀጥሎ ይሻላል አሉት። ካነማን የተረዳው ሌላ ነገር ነው። ሰው በጣም መጥፎ ቀን ካሳለፈ ቀጣዩ ቀን ብዙውን ጊዜ ወደ ተለመደው ደረጃው ይመለሳል፤ ቢቆጡትም ባይቆጡትም። በጣም ጥሩ ቀን ካሳለፈም እንዲሁ ወደ ልኩ ይወርዳል፤ ቢያሞግሱትም ባያሞግሱትም። አሰልጣኙ በመሃል ቁጣ ስላስገባ ቁጣው ያሻሻለ ይመስለዋል።

ይህን በራሳችሁ ሜዳ መሞከር ትችላላችሁ። መሬት ላይ ክብ ሥሩ። እያንዳንዱ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶ ጠጠር ወደ ኋላ ይወርውር፣ ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው ውርወራ በጣም የሳቱት ልጆች በሁለተኛው በአብዛኛው ይሻላሉ። በመጀመሪያው ክቡ መሃል የጣሉት ደግሞ ይርቃሉ። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልተሞገሰ። ለረዳት አሰልጣኞች ይህን ማሳየት ከረጅም ስብከት ይበልጣል ባይ ነኝ።

አሰልጣኝ ማባረርም ውስጡ ይኸው ነገር አለበት። በሆላንድ እግር ኳስ ከ1986 እስከ 2004 ያለውን ጊዜ የመረመረ ጥናት፣ ውጤት ሲወድቅ አሰልጣኝ የለወጡ ክለቦች ተመሳሳይ ውድቀት ደርሶባቸው ካልለወጡት የተለየ ማገገም እንዳላሳዩ አግኝቷል። የወደቀ ቡድን በአብዛኛው ወደ ልኩ ይመለሳል። አዲሱ ሰው ምስጋናውን ይወስዳል።

ታዲያ ቁጣ ጭራሽ አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም። ባሪ ስታውና ባልደረቦቹ በ2019 ባሳተሙት ጥናት በካሊፎርኒያ የሁለተኛ ደረጃና የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች በእረፍት ሰዓት ያደረጓቸውን ከ300 በላይ ንግግሮች መርምረዋል። ብስጭቱን በመጠኑ ያሳየ አሰልጣኝ ቡድኑ በሁለተኛው አጋማሽ ተሻሽሏል። ቁጣው በጣም ሲበረታ ግን ጥቅሙ ጠፋ፤ ከዚያም አልፎ ጎዳ። ልጆቹ አሰልጣኙ ግድ እንደሚለው ማየት ይፈልጋሉ። መሰደብ ግን ሌላ ነገር ነው። "ለምን አልተመለስክም? ያንተ ሰው ነበር እኮ" ማለት ስለ ሥራው መቆጣት ነው። "አንተ ድሮም የማትረባ ነህ" ማለት ልጁን ማፍረስ ነው። ይህን ሁለተኛውን በሰፈር ሜዳዎች ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ በጣም ያሳዝነኛል።

ሆኪ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። በበረዶ ሆኪ ከእያንዳንዱ ቡድን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ሜዳ ላይ ይኖራል። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ፍጥነቱ አድካሚ ስለሆነ አንድ ተጫዋች በአንዴ በረዶው ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወጥቶ ይተነፍሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይገባል። ቅያሪው የሚካሄደው ጨዋታው ሳይቆም ነው። አሰልጣኙ ከተቀመጡት ተጫዋቾች ጀርባ ይቆማል። ስለዚህ ተሳስቶ ጎል ያስገባ ተጫዋች ወጥቶ ሲቀመጥ አሰልጣኙ ጆሮው ሥር ነው። ከዚያ አንድ ውሳኔ ይመጣል። ተራው ሲደርስ መልሶ ይልከዋል ወይስ ወንበር ላይ ያስቀረዋል? መልሶ ከላከው ምንም ሳይናገር "አምንሃለሁ" ብሎታል።

በእግር ኳስ ይህ ዕድል የለንም፤ የወጣ ልጅ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ውሳኔው ከባድ ነው። ልጁ ተሳስቶ ጎል በገባ በደቂቃው መቀየር በመቶ ተመልካች ፊት እንደማዋረድ ነው። የግድ መቀየር ካለበት አሥር ደቂቃ ማቆየት ይቻላል። በነዚያ ደቂቃዎች አንድ ጥሩ ነገር ሊሠራ ይችላል፤ በዚያ ላይ ይወጣል። አሥር ደቂቃው ሌላ ጎል ሊያስከፍል ይችላል? አዎ። ለታዳጊ ቡድን ግን የሚከፈል ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የሚባሉ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ተመራማሪዎች የልጆች ቤዝቦል አሰልጣኞችን በዚህ ላይ አሠልጥነዋል። ልጅ ሲሳሳት ቶሎ አበረታታው፣ ከዚያ እንዴት እንደሚስተካከል በአጭሩ አሳየው፣ አትቅጣው። ትምህርቱ ይኸው ነው። የሠለጠኑት አሰልጣኞች ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ አላሸነፉም። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ነገር ግን ልጆቹ ጨዋታውን፣ አሰልጣኛቸውንና ጓደኞቻቸውን የበለጠ ወደዱ። በኋላ በተሠራ ጥናት ደግሞ በቀጣዩ ዓመት የተመለሱትን ቆጠሩ። ካልሠለጠኑት አሰልጣኞች ልጆች ከመቶ 26ቱ ጨዋታውን ትተዋል። ከሠለጠኑት ዘንድ የተዉት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ለሰፈር ቡድን ይህ ቁጥር ከዋንጫ ይበልጥብኛል። ልጁ ሜዳ ላይ ከሌለ የት እንዳለ ወላጅ ያውቀዋል።

ስለ ሆኪ ከተነሳ የአሜሪካውን ቡድን የሴንት ሉዊስ ብሉዝን ታሪክ መዝለል አይቻልም። ቡድኑ በ1967 የሰሜን አሜሪካን ዋና የሆኪ ሊግ ከተቀላቀለ ጀምሮ ስታንሊ ካፕ የሚባለውን ታላቁን ዋንጫ በልቶ አያውቅም ነበር። በኅዳር 2018 አሰልጣኙ ተባረረ፤ ክሬግ ቤሩቤ በጊዜያዊነት ተተካ። እሱ ከመጣም በኋላ ነገሩ ወዲያው አልቀናም። በጥር 2019 መጀመሪያ ቡድኑ ከ31ዱ የሊጉ ቡድኖች መጨረሻ ላይ ነበር። በሰኔ ዋንጫውን አነሳ።

ይህን ታሪክ ሰው የሚያወራው እንደ አሰልጣኝ ተአምር ነው። እኔ እንደዚያ አላየውም። ቡድኑ ድሮም ጥሩ ተጫዋቾች ነበሩት፤ መጨረሻ መቀመጡ ከልኩ በታች ነበር። በዚያ ላይ ጆርዳን ቢኒንግተን የሚባል፣ እስከዚያ ድረስ በዋናው ሊግ ቦታ ያላገኘ በረኛ ጥር 7 ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ ጀምሮ ፊላደልፊያን 3 ለ 0 ሲያሸንፉ ምንም ጎል አላስገባም። የቤሩቤን ሥራ የማደንቀው በዚህ ነው። ከቡድኑ በረኞች አራተኛ ተራ ላይ የተረሳ ልጅ ዕድል አገኘ፤ ጥሩ ሲሠራም ቦታው አልተነጠቀም። በእናንተም ወንበር ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ይኖር ይሆናል። ተሸናፊ ቡድን አንድ ነፃነት አለው፤ ሰልፉን ቢቀያይር የሚያጣው ነገር ትንሽ ነው።

ሌላው ብዙ የሚጠቀሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የሆኪ ቡድን አሰልጣኝ የነበረው ኸርብ ብሩክስ ነው። በ1980 በሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ ወጣት፣ ባመዛኙ የኮሌጅ ተጫዋቾችን ይዞ ኃያሏን ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 አሸነፈ። ከሁለት ሳምንት በፊት በወዳጅነት ጨዋታ 10 ለ 3 ተሸንፈውላት ነበር። ብሩክስ ኃይለኛ ሰው ነበር። በመስከረም 1979 ከኖርዌይ ጋር 3 ለ 3 ሲወጡ ቡድኑ እንዳልጣረ ስለተሰማው ከጨዋታው በኋላ እዚያው በረዶ ላይ ደጋግሞ አስሮጣቸው። ብዙ አሰልጣኝ ከዚህ ታሪክ የሚወስደው ቅጣቱን ብቻ ነው። የሚረሳው ነገር አለ። እነዚያ ተጫዋቾች ጎልማሶች፣ ከብዙዎች ተመርጠው በፈቃዳቸው የመጡና ለወራት አብረው የኖሩ ነበሩ። በዚያ ላይ ከሚኔሶታና ከቦስተን የመጡት ድሮ ተቀናቃኝ ስለነበሩ አይዋደዱም ነበር። የብሩክስ ኃይለኝነት በሁሉም ላይ እኩል ስለወረደ አንድ አደረጋቸው። ከአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ ቁርስ ያልበላን የ14 ዓመት ልጅ በቅጣት ማስሮጥ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

አንድ የማድረጉ ጉዳይ ግን በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉት ተመራማሪዎች ሰው ከውስጡ ተነሳስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላሉ። በራሱ የሚወስነው ነገር፣ እየቻልኩ ነው የሚል ስሜት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። በኮንዶሚኒየም ሰፈር የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ነው። ቤቱ በዕጣ ነው የወጣው። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከልደታ፣ አንዱ ከመርካቶ መጥቷል። ሌላው ደግሞ እዚያው የተወለደ የገበሬ ልጅ ነው፤ በቤቱ ኦሮምኛ ይነገራል። አሁን የሚጫወትበት ሜዳ ጥግ ድሮ የቤተሰቡ ማሳ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ልጆች ሲያሸንፉ ችግሩ አይታይም። ሲሸነፉ ግን ቡድኑ በመጣበት ሰፈርና በቋንቋ ይከፈላል፤ ጥፋትም ወደ ማዶ ይወረወራል።

አሰልጣኙ እዚህ ላይ በእጁ ያለው መሣሪያ ቀላል ነው። ለልምምድ ጥንድ ሲያደርግ ሆን ብሎ ይቀላቅል። የሜዳ ላይ አጭር ቃላትን በሁለቱም ቋንቋ ያስለምድ። ከሽንፈት በኋላ ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ ልጅ ሌላው የሠራለትን አንድ ነገር ይናገር፤ "እሱ ሸፈነልኝ" ማለት ይበቃል። ስለ ስህተት የሚወራው በሌላ ቀን፣ ደም ሲበርድ ነው። ከጨዋታው በኋላ ወዲያው የሚደረግ የስህተት ግምገማ ጠብ እንጂ ትምህርት ሲያመጣ አላየሁም። ለመወሰንም ዕድል ይሰጣቸው። ማሟሟቂያውን ማን እንደሚመራ፣ ቅጣት ምት ማን እንደሚመታ ልጆቹ ይነጋገሩበት። አምበሉንም ራሳቸው ቢመርጡ ይሻላል።

ሞራል የማይፈታው ነገርም አለ። ልጁ ማታ ሥራ ሲሠራ አምሽቶ ከመጣ እግሩ አይታዘዝም። ያልበላ ልጅ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይዝላል፤ የሚያስፈልገው ዳቦና ውሃ ነው። በዕድሜ ከሚበልጡት ጋር የሚያጋጥም ውድድር ውስጥ የገባ ቡድን ከመፎከር ይልቅ ውድድሩን መቀየር አለበት። አሰልጣኝ እነዚህን ሳይጠይቅ "ወኔ የላችሁም" ካለ ልጆቹን ባላጠፉት ነገር ይከስሳቸዋል። ከመቆጣት በፊት ሁለት ጥያቄ ይጠየቅ። ምን በላህ? ስንት ሰዓት ተኛህ?

በመጨረሻ አሰልጣኙ ራሱ አለ። ስለ እሱ ሞራል የሚጠይቅ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። ኳስ ከኪሱ ይገዛል፣ ታክሲ ከኪሱ ይከፍላል፣ ሲሸነፍ ይሰደባል። ለተጫዋቾቹ የተባለው ሁሉ ለእሱም ይሠራል። እሱም ድካሙ ለውጥ ሲያመጣ ማየት አለበት፤ ስለዚህ የልጆቹን ደብተር ይያዝ፣ የልምምድ ቀሪዎችንም ይመዝግብ። እሱም ብቻውን መሆን የለበትም። በአንድ አካባቢ ያሉ ሁለት አሰልጣኞች አንዱ የሌላውን ልምምድ ቆሞ ቢያይና ያየውን በቅንነት ቢነግረው ገንዘብ አያስወጣም። የማዶው ሜዳ አሰልጣኝ ስልክ ቁጥር ከሌላችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀበሉት።